የአደጋ ጊዜ ስንቅ በጌጫ ተዳፋቶች

የአደጋ ጊዜ ስንቅ የሚባለው አንድ ቤተሰብ ቤቱን በድንገት ለቆ ቢወጣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት የሚሻገርበት፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በአንድ ቦታ የተቀመጠ የምግብ፣ የውኃ ማከሚያ፣ የመድኃኒትና የሰነድ ጥቅል ነው። ስለዚህ ጥቅል የተጻፉት አብዛኞቹ መመሪያዎች የቆርቆሮ ምግብና በብዙ ሊትር የሚቆጠር የታሸገ ውኃ እንዲከማች የሚመክሩ በመሆናቸው፣ በሸካ ዞን በጌጫና በዙሪያዋ ላሉ፣ በእንሰት፣ በገብስና በማር ለሚተዳደሩና ዝናብ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ለማይለያቸው ቤተሰቦች እንዳለ የሚወሰዱ አይደሉም።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት፣ ማለትም በዝናብ የጠገበ አፈር ከሥሩ ተላቆ ቁልቁል መውረዱ፣ ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው በአንድ ጊዜ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ከተሰበሰቡት መካከል ብዙዎቹን የወሰደው ተከትሎ የመጣው ናዳ ነው። ሰው ለማዳን የሮጠን ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ይሁን እንጂ ለይዞታ ደብተር ወይም ለመድኃኒት ሲባል አዲስ ስንጥቅ ወደታየበት፣ ዛፎቹ ወደዘመሙበት ወይም የምንጩ ውኃ በድንገት ወደደፈረሰበት ዳገት መመለስ አስቀድሞ ሊቀር የሚችል አደጋ በመሆኑ፣ ስንቁ ከምንም በላይ የሚጠቅመው አንዴ ከወጡ በኋላ ወደ ቤት የሚመለሱበትን ምክንያት ስለሚያስቀር ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ ከምግብ የሚቀድሙት የመሬት ይዞታ አረንጓዴ ደብተር፣ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጤና መድን ካርድና የባንክ ደብተር ናቸው። ከእነርሱ ጋር ሳይቋረጥ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ይኸውም የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት፣ የሁለት ሳምንት ያህሉ አብሮ መቀመጥ አለበት፤ ምግብ ከዘመድም ከጎረቤትም ሲገኝ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ቢቋረጥ ግን በመጠለያ ውስጥ ተደጋጋሚ መንዘፍዘፍ ሊያስከትል ይችላል።

ትልቁ ፈተና እርጥበት ነው። ከምድጃ በላይ ያለው ቆጥ ከቤቱ ሁሉ ደረቅ ስፍራ በመሆኑ ለእህልና ለኮረሪማ የተመቸ ቢሆንም፣ የምድጃው ሙቀት ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ ያለበትን መድኃኒት ያበላሻል፤ ለምለም የሚባለው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፓኬትም ዱቄቱ ከረጋና ከጠቆረ አገልግሎቱ ያበቃል። መድኃኒትና ሰነድ በሁለት ላስቲክ ተጠቅልለው ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ብለው ከእሳት ርቀው ቢቀመጡ የተሻለ ነው።

ሌላው በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ የማብቂያ ቀን ነው። በመድኃኒት ላይ የሚታተመው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ በ2018 ዓ.ም. ፓኬቱን አንሥቶ 06/2026 የሚል ያነበበ ሰው ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል ብሎ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ያበቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በፕላስተር ላይ ጽፈው ቢለጥፉ፣ ጥቂት ደቂቃ በማይፈጅ ሥራ ትልቅ ጉዳት ያስቀራሉ።

ከምግብ ወገን ቆጮ ከጉድጓድ ወጥቶ መጋገርን ስለሚጠይቅ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በሶና ቆሎ ይበልጣሉ፤ በሶ ያለ እሳት በውኃ ብቻ ይበላል። ውኃ ራሱ በዝናብ አገር አይጠፋም፤ የሚጠፋው ንጹሑ ነው። የደፈረሰ ውኃ እንደ ውኃ አጋር ያለውን ማከሚያ ጉልበት ስለሚያሳጣው፣ አስቀድሞ ጠልሎ በንጹሕ ነጠላ መጣራት፣ ከዚያም በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ታክሞ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል። የእጅ ባትሪ፣ በላስቲክ የታሰረ ክብሪት፣ ሳሙናና የወር አበባ መጠበቂያም ቦታ ያስፈልጋቸዋል።

የጥቅሉን ልክ የሚወስነው የተሸካሚው አቅም ነው። ልጅ ያዘለች እናት በሌሊት፣ በሚያንሸራትት ጭቃ ላይ አንድ እጇ ነጻ ሆኖ ልትሸከመው የማትችለው ከረጢት መቀነስ አለበት፤ ሲቀነስም ከበሶው ይቀነሳል እንጂ ከመድኃኒቱና ከደብተሩ አይነካም።