የኤሌክትሪክ ኃይልና የመዋኛ ውኃ በአንድ ግቢ

እሳትና ውኃ ባንድ ስፍራ እንደማያድሩ ሰው ሁሉ ሳይማር ያውቀዋል። እሳት ውኃ ሲፈስበት ይጠፋል፤ ውኃም እሳት ሲበረታበት ይተናል፤ ስለዚህ ሁለቱን በየስፍራቸው ለይቶ ማኖር ከአባት ከእናት የተወረሰ ልማድ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ግን ብርሃኑና ሙቀቱ ከእሳት ወገን ቢያስመስለውም ጠባዩ ሌላ ነው። ውኃ ሲያገኝ አይጠፋም፤ ይልቁንም የተጠረገ ጎዳና እንዳገኘ መንገደኛ ገሥግሦ ያልፍበታል። ጢስ የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ሲመጣም ድምፅ አያሰማም። ዐይን አይቶ፣ ጆሮም ሰምቶ የማይሸሸው ነገር ስለ ሆነ፣ ከእርሱ የሚያድነው አስቀድሞ በዕውቀት የተሠራ ሥራ ብቻ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የኤሌክትሪክ መብራት በቤተ መንግሥት የሚታይ ድንቅ ነገር ነበር። ዛሬ ኃይሉ ከዓባይ ወንዝ ሳይቀር ይመነጫል፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መብራቱ ከእልፍኝና ከወጥ ቤት ወጥቶ ወደ አትክልቱ ስፍራ፣ ወደ ቅጥሩ በርና ወደ ጓሮው ደርሷል። በአዲስ አበባ፣ በቢሾፍቱ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር በየሆቴሉ፣ ዐልፎ ዐልፎም በባለጸጎች ግቢ የመዋኛ ገንዳ ይቆፈራል። ገንዳው ሲቆፈርም ውኃውን እያዞረ የሚያጠራ ሞተር፣ ሌሊት የሚያበራ መብራት፣ አንዳንድ ጊዜም ውኃ የሚያሞቅ ምድጃ ይከተለዋል። ይህ ሁሉ ሽቦ ይፈልጋል። ሽቦውም የሚዘረጋው ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ልብሱን ጥሎ፣ ገላው ርሶ በሚመላለስበት ስፍራ ነው።

የአደጋው ምክንያት በቍጥር ሲታይ ግልጥ ይሆናል። በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚታደለው ኃይል 220 ቮልት ነው። የደረቀ የሰው ቆዳ ኃይሉን አጥብቆ ይቃወመዋል፤ ይህም መቃወም ኦም በሚባለው መስፈሪያ ሲለካ ብዙ አሥር ሺሕ ሊደርስ ይችላል። ቆዳው ሲርስ ግን መላው የሰውነት መቃወም ወደ አንድ ሺሕ ኦም ገደማ ይወርዳል። 220 ቮልት ለ1000 ኦም ሲካፈል 220 ሚሊ አምፔር ይሆናል፤ ሚሊ አምፔር ማለትም ከአንድ አምፔር አንድ ሺሕኛው ነው። ይህ መጠን የድሮውን ባለ 40 ዋት አምፑል ከሚያበራው ኃይል እምብዛም አይበልጥም፤ ሰውን ለመግደል ግን ከበቂ በላይ ነው።

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መምህር የነበሩት ቻርልስ ዳልዚል፣ ፈቃደኞች በሆኑ ጤነኛ ሰዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ሰው በእጁ የጨበጠውን ሽቦ መልቀቅ የሚያቅተው በወንዶች በአማካይ ወደ 16፣ በሴቶችም ወደ 10 ተኩል ሚሊ አምፔር ሲደርስ መሆኑን አሳይተዋል። ከዚያ ባለፈ ጊዜ ጡንቻ ይጨመደዳል፤ ትንፋሽ ይታገዳል፤ ወደ መቶ ሚሊ አምፔር በተጠጋ ጊዜም ልብ ሥርዓቱን ስቶ ሊርገፈገፍ ይችላል። በየብስ የቆመ ሰው ቢወድቅ ምናልባት መውደቁ ራሱ ከሽቦው ይለየዋል። በውኃ ውስጥ ያለ ሰው ግን የሚወድቅበት ስፍራ የለውም፤ ልቡ እንኳ ሳይነካ ክንዱና እግሩ ብቻ ቢታሰሩ ሰጥሞ ይሞታል። ከዳር ቆሞ ለሚያይ የደከመ ዋናተኛ ይመስላል እንጂ ኃይል የያዘው አይመስልም፤ ስለዚህ ሊያወጣው ዘሎ የሚገባው ወንድሙ ወይም አባቱ ሁለተኛ ሟች የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ብዙ ባለቤቶች ከቆጣሪው አጠገብ ማቋረጫ መኖሩን አይተው ይተማመናሉ። ይህ መታመን ከንቱ ነው። ያ ማቋረጫ የተሠራው ሽቦው ከልክ በላይ ግሎ ቤት እንዳያቃጥል ለመጠበቅ ነው እንጂ ለሰው ሕይወት አይደለም። ባለ 16 አምፔር ማቋረጫ 16000 ሚሊ አምፔር እስኪያልፍበት ድረስ ሥራው ሰላም እንደ ሆነ ይቈጥረዋል፤ ከላይ የተነገረው ገዳይ መጠን ግን ከዚህ ከ70 ጊዜ በላይ ያንሳል። ሰውየው በገንዳው ውስጥ ሲሞት ማቋረጫው ምንም ሳይሰማው በቦታው ተቀምጦ ይኖራል።

ሰውን የሚጠብቀው ሌላ መሣሪያ ነው። ባለሙያዎች አር. ሲ. ዲ. ይሉታል። አሠራሩ እንደ ታማኝ ገንዘብ ያዥ ነው፤ በአንደኛው ሽቦ የወጣውንና በሁለተኛው ሽቦ የተመለሰውን ኃይል ያለ ዕረፍት ያስተያያል። የወጣውና የገባው እኩል ከሆነ ዝም ይላል። የተመለሰው ከጐደለ ግን የጐደለው ኃይል በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው ገላ በኩል፣ ወደ መሬት መሄዱን ዐውቆ መስመሩን ይቈርጠዋል። ለገንዳና ለግቢ የሚገባው ዓይነት ጉድለቱ 30 ሚሊ አምፔር በደረሰ ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚቈርጠው ነው። ከላይ ስማቸው የተጠራው ዳልዚል ከዚህም የረቀቀውን፣ በ5 ሚሊ አምፔር ገደማ የሚቈርጠውን፣ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1961 ሠርተዋል፤ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብም በ1968 በገንዳ ውስጥ ለሚቀመጥ መብራት ይህን ጥበቃ ግድ አደረገ። ዋጋው ከገንዳው ሰድር ጋር ሲመዛዘን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከባሕር ማዶ ለመጣ እብነ በረድ ገንዘቡን ሳይሰስት የሚያፈስ ሰው፣ ለመዳብ ሽቦና ለዚህ መሣሪያ ሲሆን ከሠራተኛው ጋር በሳንቲም መከራከሩ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ሆኖም መሣሪያው ብቻውን አይበቃም፤ የማይታየው ሥራ ይበልጣልና። ወፍ በሽቦ ላይ ዐርፋ ምንም የማትሆነው ሁለቱም እግሮቿ በአንድ ሽቦ ላይ፣ ማለት በአንድ የኃይል ደረጃ ላይ፣ ስለ ሆኑ ነው። አንደኛው እግሯ ሌላ ደረጃ ያለውን ነገር በነካ ጊዜ ትሞታለች። ለሰውም ሕጉ ያው ነው። በገንዳው አካባቢ ያለው ብረት ሁሉ፣ መሰላሉና መደገፊያው፣ በሲሚንቶው ውስጥ የተቀበረው ፌሮ፣ የሞተሩ ቅርፊትና የብረት ቧንቧው፣ በወፍራም የመዳብ ሽቦ እርስ በርሱ ተያይዞ አንድ አካል ሊሆን ይገባዋል። ይህ ሲሆን በአንዱ ብረት ላይ ኃይል ቢያመልጥ እንኳ በዙሪያው ያለው ሁሉ አብሮ ከፍ ስለሚል፣ አንድ እጁን በመሰላሉ ላይ፣ እግሩን በውኃው ውስጥ ያደረገ ሰው በሁለት ደረጃዎች መካከል አይያዝም። ከፌሮው ጋር የሚደረገው ማያያዝ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ካልተሠራ በኋላ የሚሠራው በመዶሻ አፍርሶ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ባለሙያው የሚጠራው ገንዳው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ጉድጓዱ በተቆፈረበት ቀን ነው።

የዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ በገንዳው ዙሪያ ያለውን ስፍራ በሦስት ክፍል ይለየዋል። የመጀመሪያው ውኃው ያለበት ራሱ ነው። ሁለተኛው ከገንዳው አፍ እስከ 2 ሜትር ርቀት፣ ወደ ላይም እስከ 2 ሜትር ተኩል ነው። ሦስተኛው ከዚያ ወዲያ ያለው 1 ሜትር ተኩል ነው። በውኃው ውስጥ የሚቀመጠው መብራት ከ12 ቮልት በማይበልጥ ኃይል ይሠራል፤ 220ውን ወደ 12 የሚያወርደው ትራንስፎርመርም ሁለቱን መስመሮች ፈጽሞ የሚለያይ የደኅንነት ዓይነት ሆኖ ከእነዚህ ክፍሎች ውጭ ይቀመጣል። ተራ የቤት ሶኬት በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ስፍራ የለውም። ሬዲዮ ወይም የሻይ ማፍያ ለመሰካት ሲባል በገንዳው ዳር የሚተከል ሶኬት ጥፋት የሚጠራ ነው። ዕቃውም ሲገዛ በላዩ የተጻፈው ይነበብ፤ አይ. ፒ. ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ ካሉት ቍጥሮች ሁለተኛው 4 ከሆነ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃን፣ 5 ከሆነ በቧንቧ የሚወነጨፍን ውኃ፣ 8 ከሆነ በውኃ ውስጥ መቀመጥን የሚችል ነው። 

ሽቦው ከቤቱ እስከ ገንዳው የሚሄደው በመሬት ውስጥ ሲሆን፣ ለመቀበር የተሠራ ዓይነት ሆኖ በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ ያልፋል። የአሜሪካ ደንብ እንዲህ ላለው ቧንቧ 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ያለ ቧንቧ ለሚቀበር ሽቦ 61 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ይጠይቃል። አትክልተኛው በዶማ ሲቆፍር እንዳያገኘው፣ ከሽቦው በላይ አፈሩ መካከል የማስጠንቀቂያ ጨርቅ ይነጠፋል። በገንዳው ላይ በአየር የሚሻገር መስመር ሊኖር አይገባም፤ ከገንዳው ሥር የሚያልፍም እንዲሁ። የአዲስ አበባን የመሰለ ዋልካ መሬት ደግሞ የራሱ ተንኰል አለው። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በዚህም ቧንቧውን ከመገጣጠሚያው ያላቅቃል፤ ወደ መሬት የተተከለውንም የመዳብ ዘንግ ከአፈሩ ያራርቀዋል። በሐምሌ የተለካ የመሬት መስመር መልካም ቢመስል በመጋቢት ድርቅ ጊዜ ከቶ ላይሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ልኬቱ በበጋ ሊደገም ይገባዋል።

የኤሌክትሪክና የውኃ ጉርብትና የባለጸጎች ግቢ ነገር ብቻ አይደለም። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ወርደው፣ ካህናቱና ምእመናኑ በውኃው ዳር ያድራሉ፤ በማግሥቱም ውኃው ተባርኮ በሕዝቡ ላይ ይረጫል። በጎንደር ከቀሐ ወንዝ ተስቦ በሚሞላው በዐፄ ፋሲል መዋኛ ብዙ ወጣቶች ዘለው ይገባሉ፤ በጃን ሜዳም ውኃው በቧንቧ ወደ ሰዉ ይወነጨፋል። ይህ በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። በጥንት ዘመን በዚያ ስፍራ ከጧፍና ከፋና በቀር መብራት አልነበረም። ዛሬ ግን ድምፅ ማጉያ፣ አምፑል፣ ውኃ የሚገፋ ሞተርና ጀኔሬተር ከውኃው አጠገብ ይቆማሉ። ሽቦው በዛፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ ወይም በእርጥብ ሣር ላይ ተዘርግቶ ሺሕ ሰው ይረግጠዋል፤ የተቀጠለበትም ቦታ በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ ይታያል።

እዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ውኃውን የሚባርኩት አባት ነገር ነው። ልብሳቸው ርሷል፤ የቆሙት በእርጥብ ድንጋይ ላይ ነው፤ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሁለተኛው የብረት ድምፅ መቀበያ ይዘዋል። ማጉያው የመሬት መስመር ሳይኖረው ውስጡ ቢበላሽ ኃይሉ በዚያ ሽቦ መጥቶ በእጃቸው ይገባል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ በባትሪ የሚሠራና ሽቦ የሌለው ድምፅ መቀበያ ለእርሳቸው ይሰጥ፤ ማጉያውና መብራቱ ውኃው ከሚደርስበት ርቀው ይቁሙ፤ መስመሩ ሁሉ በአር. ሲ. ዲ. በኩል ይለፍ። ጀኔሬተር ሲሆን ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ ከመሬት ጋር በሚገባ ያልተያያዘ ጀኔሬተር ላይ ያ ቆራጭ መሣሪያ የሚገባውን ላይሠራ ስለሚችል፣ አያያዙን ዐዋቂ መርምሮ ሊያረጋግጠው ያስፈልጋል። የደብሩ አስተዳዳሪና የከተማው ሹም ይህን ለመመርመር ከበዓሉ ሳምንት አስቀድመው አንድ ባለሙያ ቢልኩ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በየጠበሉ ስፍራ በመጠመቂያው ቤት ውስጥ ያለ ሽፋን የተንጠለጠለው አምፑልም በዚያው ጉዞ ሊታይ ይችላል።

ሥራው ካለቀ በኋላ መሣሪያው መሥራቱ በየወሩ ይፈተናል፤ በላዩ ያለችው የመፈተኛ ቍልፍ ስትጫን መስመሩ ወዲያው መቈረጥ አለበት። ካልተቈረጠ ገንዳው በዚያው ቀን ይዘጋል። ዋናተኛ ገላውን እንደ ጉንዳን የሚነዝር ነገር ቢሰማው የብረቱን መሰላል አይያዝ፤ ከመብራቱ ርቆ በሌላው ወገን ይውጣ፤ ሌላውም እንዳይገባ ይጩህ። ሰው በውኃው ውስጥ ተይዞ ቢታይ ቀዳሚው ነገር ዘሎ መግባት ሳይሆን ኃይሉን ከምንጩ ማጥፋት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ወጥቶ ትንፋሹ ይታያል፤ ትንፋሽ ከሌለውም ሐኪም እስኪደርስ ደረቱን መጫንና በአፍ መተንፈስ ይቀጥላል። ለዚህ ሁሉ ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው በግቢው ውስጥ ሊኖር ይገባል። በብዙ ቤት ማጥፊያው ባለቤቱ በሚቈልፈው ክፍል ውስጥ ነው፤ ባለቤቱም ቀን በሥራው ላይ ነው። ከልጆቹ ጋር በገንዳው ዳር የሚውሉት ሞግዚቷና ዘበኛው ስለ ሆኑ፣ ማጥፊያው ከገንዳው በሚታይ፣ ነገር ግን ከውኃው ውስጥ ሆኖ በማይደረስበት ደረቅ ስፍራ ይተከል፤ በላዩም በቀይ ቀለም በአማርኛ ይጻፍበት፤ ዘበኛው ማንበብ የማይችል ቢሆን በእጁ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲያጠፋና እንዲያበራ ተደርጎ ይታይ።