እምዬ ስንት ልጅ ወለደች?

ስልኬ ውስጥ 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የሚረዝም አንድ የድምፅ ቅጂ አለ። የአያቴ ድምፅ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ «እምዬ» ነው የሚላት። ጥር 2017 እስክታርፍ ድረስ ፎቶማ ስንቱን አንስቻታለሁ! ቡና ስታፈላ፣ ጥጥ ስትፈትል፣ ካሜራ ስታይ አፏን በነጠላዋ ስትሸፍን። ድምፅዋን ግን የቀዳሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱንም ያበላሸሁት ራሴ ነኝ።

ነገሩን ከለቅሶው ልጀምር።

እምዬ ያረፈችው ማምሻውን ነበር። ቀብሩ በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ተባለ። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ሴቶቹ ማድ ቤት ገብተዋል። እኔን ደግሞ «አንቺ ጋዜጣ ላይ ትጽፊ የለ? የሕይወት ታሪኳን አዘጋጂ» አሉኝ። አንድ ገጽ ናት፤ ሬሳው ከመቀበሩ በፊት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የምትነበበዋ። እናንተም ሰምታችኋታል፤ «ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ…» ብላ የምትጀምረዋ። ቀላል መሰለኝ።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆምኩ። መቼ ነው የተወለደችው?

መታወቂያዋ 1930 ይላል። አክስቴ በለቅሶው መሃል ሳቀች። «እሱማ ጸሐፊው ነው። ዕድሜሽ ስንት ነው ሲላት አላውቅም አለችው። አያትና ገመተ፣ በቃ።» እውነቷን ነው፤ እምዬ ስትወለድ ልደት የሚመዘግብ ማን ነበር? በአገር ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው እኮ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው።

ታዲያ እንዴት ይሰላ? እምዬ የመንዝ ልጅ ናት። ሁልጊዜ የምትላት አንድ ነገር ነበረች፤ «ጣልያን ሲገባ ገብስ ጠባቂ ነበርኩ።» ወፍና ዝንጀሮ ከማሳ የሚያባርር ልጅ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ስለዚህ 1920 ግድም ተወልዳለች ማለት ነው። በመታወቂያዋ 87፣ በገብሷ 97 ዓመቷ። እኔ ገብሱን አመንኩ።

ከዚያ ያለውን በየተራ ነገሩኝ። በመንዝ ብርድ የበግ ፀጉር ለባና እየፈተለች ማደጓን። ሁለት ልጆች ይዛ ከባሏ ጋር አዲስ አበባ መምጣቷን። ሽሮ ሜዳ ጭቃ ቤት ተከራይተው መግባታቸውን። ባሏ ሲሞትባት ለሰፈሩ ሸማኔዎች የጥጥ ፈትል እየሸጠች ልጆቿን ማሳደጓን። በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የተከራየችው ቤት የቀበሌ ሆነ፤ ኪራዩም ቀነሰላት። «ደርግ አንድ ደግ ነገር ሠርቶልኛል፤ ግን…» ትል ነበር። ከ«ግን» በኋላ ያለውን ጨርሳው አታውቅም።

ቀጥሎ የልጆች መስመር መጣ። «የስድስት ልጆች እናት» ብዬ ጻፍኩ። ጮክ ብዬ ሳነብላቸው እናቴ ከጥግ «ሰባት ነው» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ።

እኔ ይህንን ቁጥር ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ይቺን ስልክ የገዛሁ ሰሞን፣ እምዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ መቅጃውን ከፈትኩ። «እምዬ፣ ስንት ልጅ ወለድሽ?» አልኳት። «ሰባት» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። «ስድስት ነው እንጂ እምዬ! ረሳሽው እንዴ?» ከዚያ ቅጂው ላይ ዝምታ አለ። ቆጥሬዋለሁ፤ 11 ሰከንድ ነው። ከዚያ «ይሁን፤ ስድስት በዪው ልጄ» ትላለች። እኔም ወሬ ቀይሬ ስለ ቡናው አወራለሁ። አርጅታ የተምታታባት ነበር የመሰለኝ።

አልተምታታባትም። አምስተኛ ልጇ ወንድ ነበር፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወሰዱት። እምዬ ሁለት ሳምንት ስንቅ ይዛ ተመላለሰች። በሦስተኛው ሳምንት ስንቁን የሚቀበላት ሰው «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። በቃ፣ መርዶው ያ ነበር። ሬሳ አልሰጧትም። በዚያ በቀይ ሽብር ጊዜ «ፀረ አብዮተኛ» ተብሎ ለተገደለ ልጅ ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን የለ፣ ጥቁር ልብስ የለ፣ ነፍስ ይማር የለ። ለቀሩት ልጆቿ ስትል ፎቶውንና ደብተሮቹን ራሷ ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ዝምታው የቤቱ ልማድ ሆኖ ነበር። እኛ የልጅ ልጆች የተወለድነው እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ እናቴ ናት። ወንድሟ ሲወሰድ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች።

ትልቁ አጎቴ ግን «ተዪው፣ አይጻፍ» አሉኝ። «ከወሰዱት አንዱ እዚሁ ሰፈራችን ነው ያለው። እድርተኛ ነው። ነገ ቀብሩ ላይ ይቆማል። የእናታችንን ለቅሶ የጠብ ልናደርገው ነው?» እውነታቸውን ነው። የሰውየው እናት የሞተች ጊዜ እምዬ ራሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ደርሳለች።

«ማን ጠብ አለ?» አለች እናቴ። «ቁጥሩ ይስተካከል ነው ያልኩት።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። ስልኬን አወጣሁና ቅጂውን ከፈትኩላቸው። «ሰባት» የሚለው የእምዬ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የእኔ ሳቅ፣ ከዚያ 11 ሰከንዱ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። አጎቴ «እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። አንገታቸውን ደፍተው ብዙ ቆዩና «በይ ጻፊው» አሉ።

በማግስቱ የእድሩ ጸሐፊ ሲያነብ «የሰባት ልጆች እናት» አለ። ስማቸውን በየተራ ጠራ። አምስተኛው ስም ላይ ሲደርስ ከአሮጊቶቹ አንዷ ደረቷን መታች። ከዚያ ሌላዋ ተከተለች። እናቴ ወንድሟን በስሙ እየጠራች ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ 47 ዓመት ካለፈ በኋላ። ያ ሰውዬ ከኋላ ቆሞ እንደነበር፣ ስሙ ሲጠራ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት ማየቱን በኋላ ነገሩኝ። ከእኛ ወገን የተናገረው ሰው የለም። እሱም አልተናገረም።

በእምዬ አርባ ለካህናቱ የሰጠናቸው ስም ሁለት ነበር። የወንድሟን የክርስትና ስም እናቴ አልረሳችውም።

እንግዲህ ይህን ስልካችሁ ላይ የምታነቡ፣ አያት ያላችሁ፣ ፎቶውን አንሱ፤ እሰየው። ግን አንድ ቀን ደግሞ መቅጃውን ክፈቱና ጠይቁ። መልሱ ከምታውቁት ጋር ባይገጥም እንደ እኔ ለማረም አትቸኩሉ። እነሱ በመታወቂያ ሳይሆን በገብስ የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ቁጥራቸው የተሳሳተ የሚመስለን የማናውቀውን ነገር ቆጥረው ሊሆን ይችላል።

ያን ቀን «ረሳሽው እንዴ?» ከምል «ማን ማንን ቆጥረሽ ነው እምዬ?» ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር።