ወዳጅ የመረጠው መጽሐፍ

ባለፈው ዓመት የምናነበውን መጽሐፍ ራሳችን መምረጡን ትተን ወዳጆቻችን እንዲመርጡልን ለመንናቸው። ልብ ወለድ የሚወደው አንዱ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» አመጣልን፤ ስለ ንግድ የሚያስበው ሌላው ግን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመላቸውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ሰጠን። ከፊተኛው መጽሐፍ፥ ጦርነት የበተነው ቤተ ሰብ በመዋደድ እንደሚሰበሰብ፤ ከኋለኛውም፥ ያለ ሥራና ያለ ዕውቀት የአገር ሀብት እንዳይጸና ተረዳን። የሰጪዎቹንም አሳብ ከጨዋታቸው ይልቅ በመረጡልን መጽሐፍ አወቅን።

በራሱ ምርጫ ብቻ የሚያነብ ሰው በለመደው ደጃፍ ይመላለሳል። ወዳጅ የሰጠውን መጽሐፍ ሳያነቡ መመለስም ወዳጅን መናቅ ነውና፥ የተቀበለ ያንብብ፤ ካነበበም በኋላ ከቤተ ሰቡ ጋራ ይነጋገርበት።