የአክሪንግተን ስታንሊ ያልተፈጸመ የውድድር ዘመን

ስለ እንግሊዝ አገር እግር ኳስ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ዋንጫ ስለሚያነሡት ስለ ታላላቆቹ ቡድኖች ነው። እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው በአራተኛው ዲቪዚዮን ግርጌ ተቀምጦ ሳለ ውድድሩ ሳያልቅ፤ በገዛ እጁ በጻፈው ደብዳቤ ምክንያት ከመዝገብ ስለ ተፋቀ አንድ ትንሽ ቡድን ነው። ቡድኑ አክሪንግተን ስታንሊ ይባላል። ነገሩ የሆነው በ1961 መኸር ተጀምሮ በ1962 ፀደይ ባለቀው የውድድር ዘመን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ይህን ታሪክ የመረጥነው በተለይ ደብዳቤ መጻፍና ደብዳቤ መቀበል የዕለት ሥራቸው ለሆነ ወጣት ሠራተኞች ሳይጥማቸው አይቀርም ብለን ነው።

አክሪንግተን በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በላንካሺር የምትገኝ፤ ያን ጊዜ 40 ሺህ ያህል ሕዝብ የነበራት ከተማ ናት። ኑሮዋ ጥጥ መፍተልና መሸመን፤ የፈትልና የሽመና መኪና መሥራት፤ እንዲሁም በጥንካሬው የታወቀውን ቀይ ጡብ ማቃጠል ነበር። የፋብሪካው ሠራተኛ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሥራ ሲፈታ ምሳውን በልቶ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ኳስ ሜዳ ነው። «ስታንሊ» የአንድ ትልቅ ሰው ስም የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የመንገድ ስም ነው። ቡድኑን በ1891 ያቋቋሙት በስታንሊ መንገድ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ።

ከዚህ ቡድን በፊት ግን ከተማይቱ ሌላ ቡድን ነበራት። በ1888 የእንግሊዝ የእግር ኳስ ሊግ ሲመሠረት ከአሥራ ሁለቱ መሥራቾች አንዱ አክሪንግተን ይባል ነበር። ይህ ቀዳሚው ቡድን በ1893 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን መውረድ ግድ ሲሆንበት ከመውረድ መውጣት ይሻለኛል ብሎ ሊጉን ለቀቀ፤ ከሦስት ዓመትም በኋላ ፈረሰ። እንግዲህ ከዚህች ከተማ ሁለት ቡድኖች በየጊዜያቸው ከሊጉ ወጥተዋል ማለት ነው። ሁለቱም ማንም ሳያባርራቸው የወጡት በገዛ ቃላቸው መሆኑ ያስገርማል።

ስታንሊ ወደ ሊጉ የገባው በ1921 ሦስተኛው ዲቪዚዮን በሰሜን በኩል ሲቋቋም ነው። ከዚያ ወዲህ ከሦስተኛው ዲቪዚዮን ከፍ ብሎ አያውቅም። ደኅና ጊዜው ከ1953 እስከ 1958 ሚስተር ዎልተር ጋልብሬዝ አሠልጣኝ በነበሩበት ዘመን ነው። እርሳቸው ስኮትላንዳዊ ስለ ነበሩ ተጫዋቾቻቸውን የሚያመጡት ከአገራቸው ነበር፤ አንዳንድ ቀን ሜዳ የሚገቡት አሥራ አንዱም ስኮትላንዳውያን እስኪሆኑ ድረስ። በእርሳቸው ዘመን ቡድኑ ሁለት ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ደንብ ከፍ ወዳለው ዲቪዚዮን የሚያልፈው አንደኛ የወጣው ብቻ ነበርና ሁለተኛነት ከጭብጨባ በቀር ያተረፈው ነገር አልነበረም።

ዕዳውም የተጠነሰሰው በዚሁ በደኅናው ዘመን ነው። በ1958 የቡድኑ መሪዎች ለተመልካች ጥላ ፎቅ ያስፈልገናል ብለው ተነሡ። በደቡብ እንግሊዝ በኦልደርሾት ከተማ የጦር ሠራዊት የሰልፍ ትርኢት የሚታይበት ትልቅ መቀመጫ ለሽያጭ ቀርቦ ነበርና በ1,450 ፓውንድ ገዙት። ዋጋው ርካሽ ይመስላል። ግን ብረቱን ነቅሎ ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ማጓጓዝ፤ መሠረት አስይዞ እንደገና መትከል ከግዢው ዋጋ ብዙ እጥፍ ፈጀ። ያም ሁሉ ሆኖ መቀመጫው የተሠራው ወታደር ሲሰለፍ ለማየት እንጂ ኳስ ለማየት አልነበረምና ለተመልካቹ እምብዛም አልተመቸውም። በርካሽ የተገዛ ዕቃ ቤት ሲደርስ የሚያስወጣውን ገንዘብ አስቀድሞ ያላሰላ ሰው አክሪንግተን ብቻ ነው አንልም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተያይዞ መጣ። በዚያው በ1958 የሰሜንና የደቡብ ተብሎ የተከፈለው ሦስተኛው ዲቪዚዮን ቀርቶ ሦስተኛና አራተኛ ተባለ። ጉዞው እስከ ደቡብ ጠረፍ ስለ ረዘመ የባቡሩና የሆቴሉ ወጪ ጨመረ። ጥጡም እየወደቀ ሄደ። በ1959 መንግሥት ሕግ አውጥቶ የቆዩ መዘውሮችንና የሽመና መኪናዎችን ለሚያወድሙ ፋብሪካዎች ገንዘብ መክፈል ጀመረ፤ ፋብሪካውም ሲዘጋ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰልፍ ይመጣ የነበረው ሠራተኛ ቀነሰ። ስታንሊ በ1960 ወደ አራተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። በዚያው በ1960 ደግሞ በአሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለው በርንሊ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ፤ በሌላው ወገን ያለው ብላክበርን ለኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። አንድ የአክሪንግተን ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ጥቂት ደቂቃ ቢጓዝ የአገሩን ታላላቅ ተጫዋቾች ማየት ሲችል እቤቱ አጠገብ ሲሸነፍ የሚውለውን ቡድን ለማየት የሚገባው ለምንድን ነው? ለፍቅር ካልሆነ በቀር ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ጥፋቱን የተጫዋቾች ደመወዝ ወሰን በመነሣቱ ያሳብባሉ። እውነት ነው፤ እስከ ጥር 1961 ድረስ አንድ ተጫዋች በሳምንት ከ20 ፓውንድ በላይ አይከፈለውም ነበር፤ ወሰኑ ሲነሣ የፉልሃሙ ጆኒ ሄንስ በአንድ ጊዜ 100 ፓውንድ ይከፈለው ጀመር። ይሁን እንጂ በአክሪንግተን 100 ፓውንድ የጠየቀ ተጫዋች አልነበረም። በእኛ አስተያየት የስታንሊ ዕዳ ከደመወዙ ነገር በፊት የተከመረ ነው።

ውድድሩ በነሐሴ 1961 ሲጀመር ቡድኑ ሙሉ ተጫዋች ለማሟላት እንኳ ይቸገር ነበር። ከተጫወታቸው 33 ጨዋታዎች ያሸነፈው 5፤ እኩል የወጣው 8፤ የተሸነፈው 20 ነው። ያገባው ጐል 19 ብቻ ሲሆን 60 ገብቶበታል። የካቲት 24 ቀን 1962 በሜዳው በፒል ፓርክ ከሮችዴል ጋር ሲጫወት የገባው ተመልካች 2,690 ነበር፤ ሁለት ለባዶ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሜዳ የሊግ ጨዋታ አልተደረገም። በሚቀጥለው ዓርብ ማታ መጋቢት 2 ቀን የባቡር ከተማ ወደምትባለው ወደ ክሩ ሄደው አራት ለባዶ ተሸነፉ። ተጫዋቾቹ በዚያች ሌሊት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የመጨረሻ ጨዋታቸው እንደ ነበረ አላወቁም።

ዕዳው በዚያን ጊዜ ወደ 60 ሺህ ፓውንድ ይጠጋ ነበር። የቡድኑ ሊቀ መንበር ሚስተር ሳም ፒልኪንግተን ይባሉ ነበር። የጐረቤቱ የበርንሊ ሊቀ መንበር ሚስተር ቦብ ሎርድ ደግሞ በሥጋ ንግድ የከበሩ፤ የሚናገሩትን የማይፈሩ፤ በእግር ኳሱ ዓለም የሚደመጡ ሰው ነበሩ። አክሪንግተኖች እርሳቸውን ለርዳታ ጠሩ። እርሳቸውም መጥተው መዝገቡን አዩና ይህ ነገር ተስፋ የለውም፤ ከሊጉ ብትለቁ ይሻላችኋል ብለው መከሩ። ሚስተር ሎርድ ይህን የመከሩት በቅንነት ነው ወይስ ጐረቤት ተፎካካሪ እንዲቀርላቸው ፈልገው ነው የሚለው ክርክር በአካባቢው ለብዙ ዘመን አልበረደም። እኛ የሰውየውን ልብ አናውቅም። የምናውቀው የታመመው ሰው ሐኪም ብሎ የጠራው በሽታውን አይቶ ገናዥ እንዲጠራ መምከሩን ነው።

ምክሩ በተሰጠ ማግሥት ሚስተር ፒልኪንግተን ቡድኑ ከሊጉ መልቀቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ፈርመው ላኩ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ወሬው በከተማው እንደ ተሰማ ሕዝቡ ደነገጠ። እስከ ትናንት ድረስ ሜዳ ያልገባው ሁሉ ቡድናችን ሊጠፋ ነው ብሎ ተነሣ፤ ገንዘብ እንሰጣለን የሚሉ ሰዎችም ብቅ አሉ። የቡድኑ መሪዎች ልባቸው ተመለሰ። በጥቂት ቀን ውስጥ ሁለተኛ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ይኸውም የመጀመሪያው ደብዳቤ እንደ አልተጻፈ ይቈጠርልን የሚል ነው። የሊጉ ዋና ጸሐፊ ሚስተር አለን ሃርዳከር ግን መልቀቅ መልቀቅ ነው፤ የተሰጠ ደብዳቤ አይመለስም የሚል አቋም ያዙ። የሊጉ ኮሚቴም ከዚሁ አልወጣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አክሪንግተን ግን ያፈሰሰውን ለመልቀም እንኳ አልተፈቀደለትም።

ሚስተር ሃርዳከር ጥብቅ ሰው ነበሩ። ለእርሳቸው ሆኖ የሚከራከር ሰው ደንብ ለአንዱ ከላላ ለሁሉም ይላላል፤ ዛሬ ለቅቄአለሁ ነገ ገብቻለሁ ከተባለ የውድድሩ ፕሮግራም በየሳምንቱ ይፈርሳል ሊል ይችላል። ደግሞም ወደ ሊጉ ለመግባት በር ላይ ቆመው የሚጠባበቁ ቡድኖች ብዙ ነበሩ። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን በ41 ዓመት አባልነትና በጥቂት ቀን ጸጸት መካከል ሚዛን ሲያዝ፤ ውድድሩ እስኪያልቅ ሁለት ወር እንኳ መታገሥ የማይቻል ነበር ወይ? ብለን ብንጠይቅ ደንብ አፈረሳችሁ የሚለን አንባቢ አይኖርም ብለን እናምናለን። ይልቁንም የምናዝነው በሚስተር ፒልኪንግተን ነው። ገንዘብ ያጣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያጣው ጊዜ ወስዶ ማሰብን ነው፤ ያቺ ደብዳቤ በጠረጴዛው ላይ አንድ ሳምንት ብታድር ኖሮ ምናልባት ባልተላከች ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቅጣት እንግዳ ነገር ነው። ስታንሊ የተጫወታቸው 33 ጨዋታዎች ሁሉ ከውጤት መዝገብ ተሠረዙ። ያሸነፉት ነጥባቸውን መልሰው ሰጡ፤ የተሸነፉት ሽንፈታቸው ተፋቀላቸው፤ አራተኛው ዲቪዚዮን የዚያን ዓመት በ23 ቡድኖች ተፈጸመ። ያቺ በብርድ ማታ በክሩ የተደረገች ጨዋታ በውጤቱ ሠንጠረዥ ውስጥ የለችም። እነዚያ 5 ድሎች የሉም። 19ኙን ጐል ያገቡት ሰዎች በዚያ ክረምት ምን ሠራችሁ ቢባሉ በሠንጠረዡ የሚያሳዩት ነገር አልነበራቸውም። ከተጫዋቾቹ ማይክ ፈርጉሰን ወደ ጐረቤቱ ብላክበርን ተዛውሮ ኑሮው ቀና፤ ሌሎቹ በየፊናቸው ተበተኑ። በርንሊም በዚያው ዓመት በሊጉ ሁለተኛ ወጣ፤ ለዋንጫ ፍጻሜም ደርሶ በቶተንሃም ሦስት ለአንድ ተሸነፈ።

በባዶው ቦታ የተመረጠው ኦክስፎርድ ዩናይትድ ነው። ስታንሊ ወደ አካባቢው የላንካሺር ውድድር ወርዶ ጥቂት ቆየና በ1966 ፈረሰ። ግን ስሙ አልጠፋም፤ በ1968 የከተማው ሰዎች ተሰብስበው በዚያው ስም ሌላ ቡድን አቋቋሙ፤ በ1970ም ክራውን ግራውንድ በሚባል ሜዳ መጫወት ጀመሩ። እዚያ ታች ሆነው ብዙ ዓመት ተረሱ። በ1989 አካባቢ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በሚታይ የወተት ማስታወቂያ ላይ፤ ወተት የማይጠጣ ልጅ መጨረሻው ለአክሪንግተን ስታንሊ መጫወት ነው ተብሎ ሲቀለድ፤ ቡድኑ ማን ነው? ተብሎ የተጠየቀው እንዲሁ ለሣቅ ነበር። ኦክስፎርድ በአንጻሩ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፤ በ1986 በዚያን ጊዜ የወተት ዋንጫ ይባል የነበረውን የሊግ ዋንጫ በልቶ ነበር። በወተት ነገር እንኳ ዕድላቸው አልገጠመም። ጥላ ፎቁ የተገዛባት የኦልደርሾት ከተማ ቡድን ደግሞ በመጋቢት 1992 በዕዳ ምክንያት በውድድሩ አጋማሽ ፈርሶ ውጤቱ ተሠረዘ፤ ከአክሪንግተን ወዲህ በሊጉ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ያ የመጀመሪያው ነው።

በ1999 ሚስተር ጆን ኮልማን የአዲሱ ስታንሊ አሠልጣኝ ሆኑ። ቡድኑ ደረጃ በደረጃ እየወጣ በ2006 ከሊጉ በታች ባለው ውድድር አንደኛ ሆነ፤ ከ44 ዓመት በኋላም ወደ ሊጉ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ከሊጉ ከወረዱት ሁለት ቡድኖች አንዱ በ1962 የስታንሊን ቦታ የወረሰው ኦክስፎርድ ዩናይትድ ነበር። ይህን ደራሲ ቢጽፈው አንባቢ አላምንም ይል ነበር። በ2018 ደግሞ ስታንሊ በዲቪዚዮኑ አንደኛ ወጥቶ አንድ እርከን ከፍ አለ፤ በ2023 ተመልሶ ወረደ።

የቀድሞው ሜዳ ፒል ፓርክ አልታረሰም፤ ፎቅም አልተሠራበትም። ያ በብዙ ዕዳ የመጣው ጥላ ፎቅ ከቦታው ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሣሩ ላይ ግን በአጠገቡ ያለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።