ያውቁ ኖሯል? አሮጌ ሞተርና ሲንተቲክ ዘይት ከመተማ እስከ ጨነቅ

ያውቁ ኖሯል? ከጎንደር የሚነሳ መኪና በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆላውንም ውርጩንም ሊያይ ይችላል። በምዕራብ ወደ መተማ ሲወርድ ከፍታው 700 ሜትር አካባቢ፣ የበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ አገር ይጠብቀዋል። በሰሜን ደግሞ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፣ በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ግን ያው አንዱ ነው። “አሮጌ መኪናዬን ሲንተቲክ ላድርግለት?” የሚለው ጥያቄ ለጎንደር ሰው ከሌላው አገር ሰው ይልቅ የሚከብደው ለዚህ ነው።

በጄሪካኑ ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው የብርድ፣ ሁለተኛው የሙቀት ነው። 20ደብሊው የተባለ ዘይት የቀዝቃዛ ማስነሻ ፈተናውን የሚያልፈው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው፤ 15ደብሊው ከዜሮ በታች 20 ላይ፣ 5ደብሊው ከዜሮ በታች 30 ላይ። ኋላ ያለው 40 ወይም 50 ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሲሞቅ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ይናገራል።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ሲንተቲክ ማለት ቀጭን ማለት አይደለም። 20ደብሊው-50 የሆነ ሲንተቲክ አለ፤ 15ደብሊው-50ም አለ። ለዓመታት በወፍራም ዘይት የኖረ ሞተር በአንድ ቀን 5ደብሊው-30 ይሞላበትና የዘይት ግፊቱ ሲወርድ፣ ሲንጫጫና ሲያጨስ፣ ጥፋቱ በሲንተቲክነቱ ላይ ይላከካል። ያጠፋው ግን የተመረጠው ቁጥር ነው።

ያውቁ ኖሯል? አዘዞ በሚገኘው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፉት ባለ ተርባይን አውሮፕላኖች ሞተራቸው የሚሠራው በሲንተቲክ ዘይት ብቻ ነው። ከድፍድፍ ነዳጅ በቀጥታ የሚጣራው ዘይት የተርባይኑን ሙቀትና የሰማዩን ብርድ ባንድ ላይ አይችለውም።

ከአጥር ሥር የሚበቅለው ጉሎም የሞተር ዘይት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ ብዙ አውሮፕላኖች የጉሎ ዘይት ይሞላላቸው ነበር፤ ከቤንዚን ጋር በቀላሉ ስለማይዋሃድ ተመራጭ ነበር። ካስትሮል የሚለው ስም የመጣውም ከዚሁ ተክል የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው። ጉድለቱ ሲሞቅ እየረጋ ሙጫ መሆኑ ነው።

ለመኪና የተሠራው ሲንተቲክ በሰፊው ገበያ ላይ የዋለው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን ሞቢል 1 በ1974 ወጣ። እስከ 1999 ድረስ አሜሪካ ውስጥ “ሲንተቲክ” የሚባለው በኬሚካል ተገጣጥሞ የተሠራው ብቻ ነው የሚል ክርክር ነበር። በዚያ ዓመት ሞቢል በካስትሮል ማስታወቂያ ላይ አቤት ብሎ ተረታ፤ ከዚያ ወዲህ በሃይድሮጅን በጥልቀት የተጣራ የድፍድፍ ዘይትም “ሲንተቲክ” ተብሎ ይሸጣል። ስለዚህ ያ ቃል ብቻውን ስለ ጥራቱ ብዙ አይነግርዎትም። ይልቅ ጄሪካኑ ላይ ያለውን የኤፒአይ የደረጃ ፊደል ያንብቡ፦ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው፤ ተከታዩ ፊደል በፊደል ተራው ወደ ኋላ በሄደ መጠን ደረጃው አዲስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሜት እንምጣ። “ሲንተቲክ አሮጌ ሞተር ያስፈስሳል” ይባላል። እውነት ነው? ግማሹ እውነት ነው፣ መነሻም አለው። የመጀመሪያዎቹ ሲንተቲኮች አንዳንዶቹ የኦይል ሲሉን ጎማ ያኮማትሩ ነበር። ዛሬ ቅመማው ተስተካክሏል፤ ደኅና ሲል ያለው ሞተር ዘይት በመቀየሩ ብቻ ማፍሰስ አይጀምርም። ነገር ግን 20 እና 30 ዓመት የሠራ ሞተር ውስጥ ሲሉ ደርቆ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁን የደፈነው የተጠራቀመ ዝቃጭ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ዘይት የማጠብ ኃይል አለው፤ ዝቃጩን ቀስ በቀስ ያነሳዋል፣ ያኔ ስንጥቁ ይጋለጣል። ዘይቱ ቀዳዳ አልፈጠረም፤ የነበረውን አሳየ። ይህን ለመካኒክዎ ማስረዳት ሳይሆን እሱ እንዲያስረዳዎት መጠየቅ ይሻላል፤ የጎንደር ጋራዥ አንጋፋዎች በእጃቸው ያዩት ነገር ነው።

ከመቀየርዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱና የታችኛውን ገጽ ያብሱ፤ በቀዳዳውም በኩል በባትሪ ብርሃን ያብሩ። ቡናማ ቀለም የያዘ ንጹሕ ብረት ካዩ ሞተሩ በሰዓቱ ዘይት ሲቀየርለት ኖሯል፤ ያለ ስጋት ይቀይሩ። በጣት ሲነካ የሚለጠፍ፣ እንደ ጠላ አተላ የወፈረ ጥቁር ነገር ከተጋገረበት ግን አይቸኩሉ። ያ ነገር ባንድ ጊዜ ቢነሳ ኮፓው ውስጥ ያለችውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ሊደፍናት ይችላል፤ ወንፊቷ ስትደፈን ላይኛው ክፍል ዘይት ሳያገኝ ይሽከረከራል። እንዲህ ላለው ሞተር አስቀድሞ የተለመደውን ዘይት፣ በአጭር ርቀት፣ ደጋግሞ መቀየር ነው መድኃኒቱ። ክዳኑ ሥር ነጣ ያለ፣ ውሃ የተቀላቀለው ዘይት ካለስ? መኪናው ከፒያሳ አራዳ እየተመላለሰ ሳይሞቅ የሚጠፋ ከሆነ የእንፋሎት ጠል ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩ ውሃም የሚጎድል ከሆነ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይታይ፤ እዚያ ላይ የዘይት ዓይነት መምረጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ሞተርን በናፍጣ ማጠብስ? ይቅርብዎ። ኮፓው ውስጥ የሚቀረው ናፍጣ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል፣ ዝቃጩንም በድንገት ይነቅለዋል።

ያውቁ ኖሯል? ጣሊያኖች በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደር የገቡት በካሚዮን ነው፤ በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው ጦር ብዙውን መንገድ በሞተር ተጓጉዟል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የቆረጡትም እነሱ ናቸው። ትሬንታ ኳትሮ የተባለው ባለ ናፍጣው ፊያት 634 በሚመላለስበት በዚያ ዘመን ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት ገና አልተስፋፋም፤ ለብርድ ቀጭን፣ ለሙቀት ወፍራም እየተባለ በየወቅቱ ይቀየር ነበር።

ሊማሊሞ ዛሬም የአሮጌ ሞተር መርማሪ ነው። የቤንዚን መኪና ይዘው በሁለተኛ ማርሽ፣ እግርዎን ከነዳጅ ላይ አንስተው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ሞተሩ አየር መሳብ እየፈለገ መግቢያው ግን ተዘግቷል። ያ የመሳብ ኃይል ከላይ በቫልቩ ጎማ፣ ከታች በተበላው ፋሻ በኩል ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል ይስባል። ታች ደርሰው ነዳጅ ሲረግጡ ከኋላዎ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ከወጣ መልሱን አገኙ ማለት ነው። ይህን ጭስ የትኛውም ሲንተቲክ አያጠፋውም። የቫልቭ ጎማ መቀየር ያጠፋዋል፤ ፋሻው ካለቀ ደግሞ ሞተሩ መውረድ አለበት።

ሽቅቡ ሌላ ነው። ደባርቅ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ወደ 30 በመቶ ያነሰ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ውሃም 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ወዲያው ይገነፍላል። በዝቅተኛ ማርሽ፣ በቀስታ፣ በቂ ንፋስ ሳያገኝ የሚወጣ መኪና ዘይቱ ይጋላል፤ በግምት የዘይቱ ሙቀት 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመበላሸቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ሲንተቲክ ዋጋውን የሚመልሰው እዚህ ላይና በጨነቅ የንጋት ውርጭ ላይ ነው። በብርድ ቶሎ ይደርሳል፤ በሙቀት ቶሎ አይቃጠልም።

ኪሎ ሜትር በማራዘም ግን አይመልሰውም። በአሮጌ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ከማርጀቱ በፊት ይቆሽሻል፦ በፋሻው በኩል የሚያልፈው ጥቀርሻ፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ፣ ከሳንቃ በር እስከ መካነ ብርሃን ባለው የጠጠር መንገድ የሚገባው አቧራ። በ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀይሩ የነበረ ከሆነ ሲንተቲክ ስለሞሉ ብቻ ወደ 10,000 አይዝለሉ። ለአቧራው መፍትሔ ንጹሕ የአየር ማጣሪያ ነው።

የጥንቷ ቮልስዋገን ከናካቴው የዘይት ፊልትሮ የላትም፤ ወንፊት ብቻ ናት ያለቻት፣ የምትይዘውም 2.5 ሊትር ነው። እሷን በውድ ዘይት ብዙ ኪሎ ሜትር ማስኬድ ቆሻሻውን አብሮ ማዞር ነው። የላዳ ኮፓ 3.75 ሊትር ይይዛል። ተራራው ላይ ቱሪስት የሚያመላልሰው ላንድክሩዘር፣ ባለ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ናፍጣ፣ 10 ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ለሱ ሲንተቲክ መሙላት የበጀት ጉዳይ ነው።

ሌላም አለ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት ቀጫጭን የቤንዚን ዘይቶች ውስጥ ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም ተቀንሷል፤ የጭስ ማጣሪያውን ስለሚጎዳ። የቮልስዋገንን የመሰለ አሮጌ ካምሻፍት ግን ይህን ቅመም ይፈልገዋል። ገደቡ የተጣለው በዋናነት ባለ 20 እና ባለ 30 ቁጥር ዘይቶች ላይ ስለሆነ፣ ለነዚህ መኪኖች ባለ 40 እና ባለ 50 መምረጥ በሁለት በኩል ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ለምን ዛሬ? በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ተጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት መታገዱ ተነገረ። በእጃችን ያለው ሞተር ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለበት።

የሚወርደውን የተቃጠለ ዘይት ሰው ለአጥር ቋሚ፣ ለምስጥ መከላከያ ይቀባዋል። ቆዳ ላይ ሲደጋገም ካንሰር የሚያመጣ ነገር አለበት፤ ያለ ጓንት አይንኩት፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግድግዳ ላይም አይቀቡት። ወደ ቦይ የተደፋው ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ይወርዳል፤ የአንገረብ ግድብ የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነው።

የኔ ምክር ይኸው፦ መኪናዎ ከጎንደር ከተማ የማይወጣ ከሆነ ጥሩ 15ደብሊው-40 ወይም 20ደብሊው-50 መደበኛ ዘይት፣ በሰዓቱ ከተቀየረ፣ ይበቃዋል። ደባርቅ የሚያድር፣ ሊማሊሞን የሚመላለስ ከሆነ፣ ክዳኑም ንጹሕ ከሆነ፣ 10ደብሊው-40 ወይም 15ደብሊው-50 ሲንተቲክ ያዋጣል። የመጀመሪያውን ሙሌት ከነፊልትሮው ቀደም ብለው በ2,000 ኪሎ ሜትር ይቀይሩት። እስከዚያው ድረስ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ በደልዳላ መሬት ላይ መለኪያውን ይዩ። በ1,000 ኪሎ ሜትር ከ1 ሊትር በላይ ከጎደለ ወደ ቀድሞው ወፍራም ዘይት ይመለሱ፤ ሁለቱ ዘይቶች ስለሚዋሃዱ መመለሱ ሞተሩን አይጎዳውም።