ላም ደላላ ናት፦ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ድርቆሽና የትም ስለሚደፋው እበት

ዛሬ ስለ ፉርሽካ ዋጋ ልጽፍ ነበር። ይቆይ። ጠዋት መሳለሚያ ባለው የከብት መኖ ሱቃችን ውስጥ ያየሁት ነገር እስካሁን አናዶኛል።

ፋጉሎ ሊጭኑ የመጡ የሱሉልታ ደንበኛችን ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ አሳዩኝ። አንድ ወጣት ለምለም ሜዳ ላይ ቆሞ «ከብት ሜዳ ያጠፋል! ከብቱን አስወጡ፣ ሳሩን እያጨዳችሁ በረት ውስጥ አብሉ፣ መሬቱ በራሱ ጊዜ ይዳብራል» ይላል። ከሥር በሺህ የሚቆጠር ጭብጨባ። ሰውዬው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና «ልጄ፣ እኔ እኮ ከብት ካስወጣሁ ቆየሁ። አጭጄ ነው የምሸጠው። ታዲያ ሜዳዬ ለምን ሳሳ?» አሉኝ።

እሳቸው ከቪዲዮው ልጅ የተሻለ ጥያቄ ጠይቀዋል። ፈጠን ፈጠን እያልኩ ልመልስ፤ ደንበኛ ቆሞብኛል።

1. ላም ደላላ ናት። ዕቃው የእሷ አይደለም፤ ከአንዱ ተቀብላ ለሌላው ታሻግራለች፣ ኮሚሽኗን ትይዛለች። ግጦሽ ላይ ያለ ከብት ከሚበላው ናይትሮጅን ከ75 እስከ 90 በመቶው በእበትና በሽንት ተመልሶ ይወጣል። ወተት ወይም ሥጋ ሆኖ የሚቀረው ትንሹ ነው። ፎስፈረሱ ከሞላ ጎደል በሙሉ እበቱ ውስጥ ነው፣ ፖታሲየሙ በብዛት ሽንቱ ውስጥ። ስለዚህ «ከብት መሬት ያዳብራል» የሚለውም «ከብት መሬት ያጠፋል» የሚለውም ደላላዋን ባለዕቃ አድርጓታል። መጠየቅ ያለበት ከየት አንስታ የት ጣለችው የሚለው ነው።

2. ልከኛ ግጦሽ ዑደቱን ያፋጥናል። ሳር ሳይበላ ደርቆ ቢወድቅ በደጋ ብርድ እስኪበሰብስ ዕድሜ ይፈጃል። በከብት ሆድ ሲያልፍ ግን በቀናት ውስጥ አፈር ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ሊጠቀሙበት በሚችሉት መልክ ይወጣል። የተጋጠው ሳር ደግሞ አዲስ ቅጠል ያወጣል፤ አዲሱ ቅጠል ከአሮጌው የበለጠ ናይትሮጅን አለው። ሴሬንጌቲ ላይ ማክናውተን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመው ይህንኑ ነው፦ የዱር እንስሳቱ በብዛት የሚግጡበት ቦታ ላይ የንጥረ ነገር ዝውውሩ ይፈጥናል፣ ሳሩም ለእንስሳቱ የተሻለ ምግብ ይሆናል። ሩቅ አትበሉ፤ ጎረቤት ኬንያ ውስጥ አርብቶ አደሮች ከ1,550 እስከ 3,700 ዓመት በፊት በረት የነበራቸው ቦታ ዛሬም ከአካባቢው የለማ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ወጥቷል። በረቱ ከጠፋ በሺህ ዓመታት በኋላም መሬቱ የእበቱን ፎስፈረስ እንደያዘ ነው።

3. ልኩ ሲያልፍ ታሪኩ ይገለበጣል። ይህን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላረዝመውም፦ ጣፋጩ ሳር ይጠፋል፣ ሥሩ ያጥራል፣ አፈሩ በሰኮና ይጠቀጠቃል፣ ዝናቡ አይሰርግም፣ ጎርፉ ለሙን አፈር ይዞ ይሄዳል። የተራቆተ ተዳፋትን መከለል ጥሩ ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሜዳ «ቄሮ» በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቁ ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉ ነበር፤ ግን ይከፍቱትም ነበር። የዛሬው «ከብቱን አስወጡ» የሚለው ዘመቻ መዝጋቱን ብቻ ነው የተማረው።

አሁን ወደ ዋናው። (4 በሉት።)

«ልቅ ግጦሽን እናስቀር» የሚለው ዘመቻ ሳሩን ማጨድ ያስተምራል። እበቱን መመለስ ግን አያስተምርም። ሒሳቡን ደንበኛዬ ፊት በካርቶን ላይ ሠራሁት። ከአንድ ሄክታር 40 ኩንታል ድርቆሽ ወጣ እንበል። የድርቆሹ ፕሮቲን 6 በመቶ ገደማ ከሆነ ለ6.25 ስታካፍሉት ናይትሮጅኑ 1 በመቶ ገደማ ነው። 40 ኩንታል ላይ 40 ኪሎ ናይትሮጅን ማለት ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው 46 ኪሎ ነው። እንግዲህ ሰውዬው በየዓመቱ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከየሄክታሩ አንድ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዩሪያ አይሱዙ ላይ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ። ዩሪያ ውስጥ የሌሉት ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ሲጨመሩ ደግሞ ሌላ ነው። ፎስፈረስ ሲያልቅ ማገጡ ይጎዳል፤ ከአየር ናይትሮጅን እየያዘ ለሜዳው በነፃ የሚሰጠው ማገጥ! ከዚያ ሳሩ ለምን ሳሳ ይባላል።

ከብት ሜዳው ላይ ሲግጥ የዚህ ሁሉ ንጥረ ነገር አብዛኛው እዚያው ይወድቃል። እውነት ነው፣ ተበታትኖ ነው የሚወድቀው፤ አንዱ ቦታ ሽንት ይበዛል፣ ሌላው ምንም አያገኝም፣ ከፊሉም አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ማታ በረት ሲገባ ደግሞ የሌሊቱ ድርሻ ደጅ ላይ ይቀራል፤ የጓሮው ጎመን እያማረ የሩቁ ሜዳ የሚደኸየው ለዚህ ነው። ቢሆንም ከቀበሌው አልወጣም። የጉራጌ እናቶች ትምህርት ቤት ሳይገቡ ይህን ያውቁታል። ከብቱን ቤት ያሳድራሉ፣ እበቱ በየጠዋቱ ወደ እንሰቱ ይሄዳል። ሱቃችን አጠገብ ካሉት ነጋዴዎች ግማሹ በዚያ እንሰት ያደጉ ናቸው፤ ሂዱና ጠይቋቸው።

ድርቆሹ አዲስ አበባ ሲገባስ? ፋጉሎውም ከዚሁ ከኛ ሱቅ ይጨመርበታል። ጥሩ የኑግ ፋጉሎ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ካለው በኩንታል ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ናይትሮጅን ነው፤ እሱም የሌላ ገበሬ ማሳ ነው። ሁሉም ከተማ ውስጥ ባሉ በረቶች ተበልቶ ያልቃል። ከዚያ ቱቦ፣ ከዚያ ወንዝ። በውኃ ታጥቦ! የሱሉልታ ሜዳ በአቃቂ ወንዝ በኩል እየወረደ ነው፣ በሌላ በኩል ደግሞ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ገዝተን ከጅቡቲ ወደብ እንጭናለን።

5. ይህን ለማስተካከል ሞክረናል እኮ። ከጥቂት ወተት አምራቾች ጋር ሆነን እበቱን አድርቀን ወደ ድርቆሽ አምራቾቹ ለመመለስ ፈቃድ ጠየቅን። ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ውስጥ አንደኛው ክፍል «ደረቅ ቆሻሻ ነው» አለ፣ ሁለተኛው «ፈሳሽ ቆሻሻ ነው» አለ፣ ሦስተኛው ስብሰባ ላይ ነበር። የማዳበሪያ ሰዎች የሚቆጥሩት በጆንያ የመጣውን ነው። የእንስሳት ሰዎች የሚቆጥሩት ወተትና ጥጃ ነው። አገሪቱ ወደ 70 ሚሊዮን ከብት አላት ብሎ በየመድረኩ የማይኩራራ ኃላፊ የለም፤ የእነዚህ ሁሉ ከብቶች እበት በማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ግን የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ከዘመቻው ሥልጠና የሚመለሱትም ቦርሳና ኮፍያ ይዘው ይመጣሉ፤ ኮፍያውን የቪዲዮው ልጅ ራስ ላይ አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ኩበት የምታነድ እናትን አትሳደቡ። «አላዋቂ ገበሬ ማዳበሪያውን ያቃጥላል» የሚል ጽሑፍ በየሳምንቱ ይላክልኛል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ወደ ጭስ መሄዱ እውነት ነው። ግን ሌላ ማገዶ ያቀረበላት ማነው? ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱን ሜዳ ላይ ከበተነችው ከከተማው በረት የተሻለች ናት።

(7ኛው ይሁን 6ኛው እንጃ) ስለ ጥንዚዛ ልጨምር። እበት እያንከባለለች የምትቀብረው ጥንዚዛ ናይትሮጅኑን ከመትነን ታድነዋለች፣ አፈሩንም ታናፍሳለች። አውስትራሊያ የራሷ ጥንዚዛዎች የካንጋሮ እንጂ የላም እበት ስለማይሆንላቸው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከውጭ አስመጣች፤ ከአፍሪካም ጭምር። እኛ ያለችንን አይቨርመክቲን እያበዛን እንገድላለን። መድኃኒቱ በእበቱ ይወጣል፣ እጮቹን ይጨርሳል። ከብቱ ሳይታመም «ለመከላከያ» ብላችሁ በየወሩ የምትወጉ እባካችሁ ተዉ።

ፋጉሎም ከልክ በላይ አታብሉ። የተረፈው ፕሮቲን በሽንት ይወጣና ቶሎ አሞኒያ ይሆናል፤ ጠዋት በረት ስትከፍቱ ዓይን የሚያቃጥለው ያ ነው። የከፈላችሁበት ገንዘብ ነው የሚሸታችሁ። እኔ ሻጭ ሆኜ አትግዙ ስል የሱቁ ባለቤት ባይሰማኝ ይሻላል።

ለደንበኛዬ የመከርኳቸው ይኸው ነው። ድርቆሹን ያመጣው አይሱዙ ባዶውን ነው የሚመለሰው፤ እበት ይጫንበት። እርጥቡን አይደለም፤ ከአራት አምስተኛው በላይ ውኃ ነው፣ ነዳጅ ማቃጠል ነው። በረቱ ውስጥ ገለባ ይነጠፍ፣ ሽንቱን ይምጠጥ፤ ከእበቱ ጋር ተከምሮ ዝናብ እንዳያጥበው ይሸፈንና ይብላላ፤ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ሜዳው ላይ ይበተን። የሜዳውን ሲሶ በየተራ ሳያጭዱ ያስግጡት፤ የራስዎ ከብት ካልበቃ የጎረቤት ያስገቡ። ጭቃ ሲሆን ግን እንዳያስገቡ፤ ጥቁር አፈር በሰኮና ከተቦካ አይመለስም።

«የጎረቤት ከብት ሜዳዬ ላይ? ሰው ምን ይለኛል!» ብለው ሳቁ። ፋጉሎውን ከሁልጊዜው ሁለት ኩንታል ቀንሰው ጫኑ።