በረዥም የሌሊት ጉዞ መኪና የሚነዳ ሰው ከእንቅልፍ ስለሚጠበቅበት መንገድ

የሐርጌሳ ከተማ ከተከፈለችባቸው ወረዳዎች አንዱ 26 ጁን ተብሎ ይጠራል። ስሙ የወጣለት፣ የብሪታንያ ሶማሌላንድ ይባል የነበረው አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ጁን 26 ቀን ነፃ የወጣበትን ዕለት ለማስታወስ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ከዚህ ወረዳም ሆነ ከሌሎቹ የከተማይቱ ሰፈሮች፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጭነት የያዙ ካሚዮኖችና መንገደኞች ያሳፈሩ አውቶሞቢሎች በሁለት አቅጣጫ ጉዞ ይጀምራሉ። አንደኛው መንገድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቍልቍል ወርዶ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በርበራ ወደብ ይደርሳል። ሁለተኛው ወደ ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ካለችው ከቶጎ ውጫሌ ይደርሳል፤ ከዚያም በጅግጅጋና በሐረር በኩል እስከ አዲስ አበባ ይዘልቃል። ከበርበራ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ባንድነት ሲታሰብ ከ900 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ሰው ሌሊቱን ለጉዞ የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በርበራ በባሕር ዳር በረሓ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። በእንዲህ ያለ ሙቀት በቀን መጓዝ ለመንገደኛው አድካሚ፣ ለጎማውና ለሞተሩም ጎጂ ነው። ከዚህም በላይ በ2021 ዓ.ም. በበርበራ አዲስ የኮንቴይነር ማራገፊያ ተከፍቶ የወደቡ ዐቅም ስለ ጨመረ፣ ዕቃውን ቶሎ ለማድረስ የሚፈልግ ነጋዴ ሌሊቱን እንደ ሥራ ሰዓት ይቈጥረዋል። ስለዚህ «ሌሊት አትጓዙ» ብሎ መምከር ብቻውን ለብዙዎች የሚጠቅም ምክር አይሆንም። የሚጠቅመው፣ እንቅልፍ በሰው አካል ላይ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅና በዚያው ዕውቀት መሠረት ጉዞውን ማሰናዳት ነው።

እንቅልፍ በሰው ላይ የሚበረታው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ነቅቶ የመቈየት ርዝመት ነው። ሰው ነቅቶ በቈየ መጠን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎሉ ውስጥ እየተከማቸ ይሄዳል፤ ይህም ክምችት እንቅልፍ እንዲመጣ ይገፋፋል፤ የሚቀንሰውም በመተኛት ብቻ ነው። ሁለተኛው በሰው አካል ውስጥ ያለው የቀንና የሌሊት ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት በብርሃንና በጨለማ የሚመራ ሲሆን፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ የሰውን ንቃት እጅግ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከቀትር በኋላም ከ8 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ሁለተኛ ድካም ያመጣል። ሁለቱ ምክንያቶች ባንድነት የሚገናኙት በውድቅት ሌሊት ነው። በዚያን ጊዜ መሪ የያዘ ሰው ከመንገዱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዛ አካሉም ጋር ይታገላል።

ብዙ ነጂዎች «እንቅልፍ ሲመጣብኝ ዐውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ እቆማለሁ» ይላሉ። ዳሩ ግን በጣም የደከመ አንጎል ባለቤቱ ሳያውቀው ለጥቂት ሴኮንዶች ሸለብ ያደርጋል። ዐይን ተገልጦ እንኳ አእምሮው የማያይበት ጊዜ አለ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ እንግዲህ የ4 ሴኮንድ ሽልብታ 90 ሜትር ያህል መንገድ ያለ ነጂ ማለፍ ማለት ነው። መኪናው መንገዱን የሚስተው፣ ወይም በፊት ለፊት ከሚመጣው ጋር የሚጋጨው በዚሁ ርቀት ውስጥ ነው። የተኛ ሰው ፍሬን ስለማይዝ ግጭቱ በሙሉ ፍጥነት ይሆናል፤ ስለዚህ በእንቅልፍ የሚደርስ አደጋ ብዙውን ጊዜ ከቀላል ጉዳት አልፎ ሕይወት የሚያጠፋ ነው።

ድካም በንቃት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በምርምር ተለክቷል። ዶውሰንና ሪድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1997 ዓ.ም. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቈየ ሰው የእጁና የዐይኑ ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚተካከል አሳይተዋል። ይህ መጠን በብዙ አገሮች መኪና መንዳትን የሚያስከለክል ነው። ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ቀኑን ጭነት ሲያስጭን የዋለ ነጂ ይህን የ17 ሰዓት ልክ የሚሞላው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ጉዞው ግን ገና መጀመሩ ነው። ሶማሌላንድን በመሰለ መጠጥ በሕግ በተከለከለበት አገር እንኳ፣ አንድም ጠብታ ያልቀመሰ ሰው በድካም ብቻ እንደ ሰካራም ሆኖ ሊነዳ ይችላል ማለት ነው።

እንቅልፍን ለማባረር በልማድ የሚደረጉ ብዙ ነገሮች አሉ። መስኮት ከፍቶ ነፋስ መቀበል፣ የራዲዮ ድምፅ ከፍ ማድረግ፣ ፊትን በውሃ መታጠብና መዝፈን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ዓመታት ቀዝቃዛ አየርንና ራዲዮን በነጂዎች ላይ ፈትነው፣ ጥቅማቸው አነስተኛና ቶሎ የሚያልፍ ሆኖ አግኝተውታል። እነዚህ ዘዴዎች የሚረዱት መኪናውን ለማቆም ደኅና ቦታ እስኪገኝ ድረስ ብቻ ነው፤ ጉዞውን ለመቀጠል ፈቃድ አድርጎ መቍጠር ግን ራስን ማታለል ነው።

በዚህ አገር ይልቁንም ሊነገርበት የሚገባው ጫት ነው። በሐርጌሳ የሚቃመው ጫት በአመዛኙ ከኢትዮጵያ ከሐረር አካባቢ የሚመጣ ሲሆን፣ አወዳይ የታወቀው ገበያው ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለውና የሚያነቃቃው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር በ1975 ዓ.ም. ተለይቶ የታወቀ ነው፤ ቅጠሉ ከተቈረጠ በኋላ ግን በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኀይሉ ይደክማል። ጫት የጫኑ መኪናዎች በዚያ ሁሉ ፍጥነት የሚበሩትም ስለዚህ ነው። ጫት ለሚቅመው ነጂ እንቅልፍ የጠፋለት ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን እንቅልፉ አለመጥፋቱና ለሌላ ሰዓት መተላለፉ ነው። ምርቃናው ባለበት ጊዜ ሰውየው በራሱ ከመጠን በላይ ይተማመናል፣ ፍጥነት ይጨምራል፤ የዐይኑም ብሌን ስለሚሰፋ የፊት ለፊት መኪና መብራት ይበልጥ ያደናግረዋል። ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ የተላለፈው እንቅልፍ ካዲሱ ድካም ጋር ተደርቦ ባንድ ጊዜ ይወድቅበታል። ይህም የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከንጋት በፊት፣ አካል እጅግ በሚደክምበት ሰዓት ነው። የእንቅልፍ ዕዳ በሌላ ነገር አይከፈልም፤ በእንቅልፍ ብቻ ይከፈላል።

እንግዲህ በእርግጥ የሚጠቅሙት ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ ሌሊት የሚጓዝ ሰው በዋዜማው ሌሊት ከ7 ሰዓት ያላነሰ መተኛት፣ በጉዞው ዕለትም ከቀትር በኋላ ጋደም ብሎ ማረፍ ይገባዋል። ጭነት የማስጫኑን ሥራ ለረዳቱ ወይም ለሌላ ሰው መተው ለዚህ ጊዜ ይሰጣል።

2ኛ፤ ድካም ባይሰማም በየሁለት ሰዓቱ መቆምና ከመኪናው ወርዶ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የካሚዮን ነጂ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ በሕግ ይገደዳል።

3ኛ፤ እንቅልፍ ከመጣ አንድ ወይም ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቶ ወዲያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መተኛት ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን ሥራ የሚያግድ ሲሆን፣ ለመሥራት እስከ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ነጂው በሚነቃበት ጊዜ የቡናውም ኀይል ይደርሳል። ሻይም ካፌይን አለው፤ መጠኑ ግን ከቡና ያንሳል። ከነቁ በኋላ ድንዛዜው እስኪለቅ ጥቂት ደቂቃ መቈየት ይገባል።

4ኛ፤ ከጉዞ በፊት ከባድ ምግብ አለመብላት፣ ለጕንፋንና ለአለርጂ ከሚወሰዱት መድኃኒቶች እንቅልፍ የሚያመጡ ስላሉም ፋርማሲስቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። በእንቅልፉ እጅግ የሚያንኮራፋና በቂ ሰዓት ተኝቶ ቀን የሚያንቀላፋ ሰው ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ይህ ትንፋሽ በእንቅልፍ የሚቋረጥበት በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላልና።

5ኛ፤ የሚቆምበትን ቦታ መምረጥ ነው። መኪናውን ከአስፋልቱ ፈጽሞ አውጥቶ፣ መብራት አብርቶና ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት አኑሮ መተኛት ይገባል። በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ግን ማቆም አይገባም፤ በሩቅ ደጋ የዘነበ ዝናብ በቦታው ጠብታ ሳይወርድ በሌሊት ጎርፍ ሊያመጣ ይችላልና።

የድካም ምልክቶችም ሊታወቁ ይገባል። ነጂው ደጋግሞ ካዛጋ፣ ዐይኑ ከከበደ፣ ራሱን ዘንበል ካደረገ፣ መኪናው ወደ መንገዱ ዳር ከተሳበ፣ ያለፉትንም ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ማስታወስ ካቃተው፣ ጊዜው የማሰቢያ ሳይሆን የማቆሚያ ነው። «ከተማው ቀርቧል» የሚለው ሐሳብ በዚህ ሰዓት አይታመንም።

በዚህ መንገድ ላይ ንቁነትን ይበልጥ አስፈላጊ የሚያደርጉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከብት፣ በተለይም ግመል ነው። የግመል ቀለም ከአሸዋው ጋር ይመሳሰላል፤ እግሩም ረዥም ስለ ሆነ አውቶሞቢል ሲመታው ከባዱ ገላው በመስታወቱ በኩል በተሳፋሪዎች ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው የመሪው አቀማመጥ ነው። በሐርጌሳ የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ሲሆን፣ ከአውቶሞቢሎቹ ብዙዎቹ መሪያቸው በስተቀኝ ነው። እንዲህ ባለው መኪና ካሚዮን ቀድሞ ለማለፍ የሚፈልግ ነጂ፣ ወደ ግራ ካልወጣ በቀር ከፊት የሚመጣውን ማየት አይችልም። በዚያች ቅጽበት የደከመ ሰው ፍርድ ቢሳሳት ማረሚያ ጊዜ የለውም።

የዚህ ሁሉ ኀላፊነት ግን በነጂው ጫንቃ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባውም። ጭነቱ ጎሕ ሳይቀድ ይግባልኝ ብሎ የሚያስገድድ የመኪና ባለቤት፣ ነጂውን ወደ ጫት የሚገፋው እርሱ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። ለረዥም መንገድ ሁለት ነጂ መመደብ፣ ወይም ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ጉዞውን ማቆም ከአንድ ካሚዮን መገልበጥ በጣም ያነሰ ኪሳራ ነው። የወረዳና የከተማ ሹማምንትም በመንገዱ ዳር መብራትና ጠባቂ ያለው የማረፊያ ቦታ ቢያዘጋጁ፣ በየኬላው ያሉ ፖሊሶችም ወረቀት ከማየት አልፈው የነጂውን ሁኔታ ቢመለከቱና የደከመውን ቢያሳርፉ ብዙ ነፍስ ይተርፋል። መንገደኞች ደግሞ ነጂው ሲያንቀላፋ እያዩ በይሉኝታ ዝም ማለት አይገባቸውም፤ ከፊት ወንበር የተቀመጠው ሰው አብሮ ከመተኛት ይልቅ ነጂውን ማነጋገርና «እናቁም» ማለት ግዴታው ነው።

የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም። ማታ ይደርሳል የተባለ ዕቃ ጧት ቢደርስ የሚጐድለው ጥቂት ሰዓት ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወደ በርበራ ወይም ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚነሣ ነጂ ሁሉ፣ ነዳጁንና ጎማውን እንደሚመረምር እንዲሁ፣ ባለፈው ሌሊት ስንት ሰዓት እንደ ተኛ ራሱን አስቀድሞ ይጠይቅ።